ዛጎል ጥለው መርዝ የለበሱ

የኢትዮጵያ ደገኛ ባሕርን በዐይኑ ሳያይ ዛጎልን አሳምሮ ያውቀዋል፤ በአንቀልባና በአገልግል ላይ ተሰፍቶ፣ በልጅ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ፣ በነጋዴ ጭነት ከባሕር ዳርቻ እየወጣ ለዘመናት ደጋ ድረስ የዘለቀ ጌጥ ነውና። ለሰው ጌጥ የሆነው ይህ ነገር ለሠራው እንስሳ ግን ቤትም ጋሻም ነበር። አጥንት የሌለው፣ ገላው እንደ ሊጥ የለሰለሰ፣ ሮጦም የማያመልጥ እንስሳ በዓሣና በሸርጣን መካከል ውሎ የሚያድረው ይህን ጠንካራ ሽፋን ተሸክሞ በመሆኑ፣ ዛጎሉን ያጣ ዕለት ያገኘው ሁሉ የሚውጠው ይመስላል። ይሁን እንጂ ከዚሁ ከቀንድ አውጣ ወገን የሆኑ፣ ዛጎላቸውን ፈጽመው የጣሉ፣ ብርቱካናማ፣ ሐምራዊ፣ ሰማያዊና ደማቅ ቀይ ለብሰው በኮራል ዐለት ላይ በግላጭ የሚንፏቀቁ ፍጥረታት በሞቃታማ ባሕሮች ሁሉ ይገኛሉ፤ ጋሻውን ጥሎ ራሱን በቀለም ማሳየት ለጥፋት መቸኮል ቢመስልም፣ ነገሩ በቅርብ ሲታይ ግን ሌላ መልክ አለው።

እነዚህ ፍጥረታት ሞለስክ በሚባለው፣ ማለትም አካላቸው ለስላሳ የሆነ አጥንት አልባ እንስሳትን በሚያቅፈው ታላቅ ክፍል ውስጥ ይመደባሉ፤ በዝናብ ጊዜ በየአጥሩ ሥር የሚታየው ቀንድ አውጣም፣ ስምንት እጅ ያለው ኦክቶፐስም የሩቅ ዘመዶቻቸው ናቸው። ዛጎል አልባ የባሕር ቀንድ አውጣ የሚለው መጠሪያ በርካታ ነገዶችን በአንድነት የሚይዝ የልማድ ስም ሲሆን፣ ከእነዚህ ነገዶች በብዛቱም በውበቱም የላቀው ኑዲብራንክ የተባለው ነው። ፈረንሳዊው የእንስሳት ሊቅ ዦርዥ ኩቪዬ እ.ኤ.አ. በ1817 ያወጣው ይህ ስም ከላቲንና ከግሪክ የተጣመረ ሲሆን፣ ትርጉሙም «ስንጥበ ራቁት» እንደማለት ነው። ስንጥብ በውሃ ውስጥ የሚኖር እንስሳ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን የሚስብበት የአካል ክፍል ነው፤ ዓሣ ይህን ክፍል በጉንጩ ክዳን ሥር ሲሰውረው፣ አብዛኞቹ ኑዲብራንኮች ግን በጀርባቸው ላይ በይፋ ይዘረጉታል። እስካሁን በሳይንስ የተለዩት ዓይነቶች ከ3,000 በላይ ሲሆኑ፣ ከበረዷማ ባሕር እስከ ምድር ወገብ የማይኖሩበት ውቅያኖስ ባይኖርም፣ በዓይነትና በቀለም የሚበዙት ሞቃታማ ውሃ በሚታጠበው የኮራል ዐለት ላይ ነው።

የቀይ ባሕር ኑዲብራንኮች በሳይንስ መዝገብ የሰፈሩበት ታሪክ ከኢትዮጵያ ተራሮች ጋር በአንድ ሰው በኩል ይገናኛል። የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል ከ1820ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በግብፅ፣ በሱዳንና በቀይ ባሕር ዳርቻ ሲዘዋወር የሰበሰባቸውን አጥንት አልባ የባሕር እንስሳት፣ ፍሪድሪሕ ሎይካርት ከተባለው የአገሩ ሰው ጋር ሆኖ ከ1828 እስከ 1831 በየክፍሉ በታተመ መጽሐፍ አስተዋወቀ፤ በኋላ በምጽዋ በኩል አድርጎ ወደ ሰሜንና ወደ ጎንደር ከዘለቀ በኋላ ደግሞ ጭላዳን፣ ዋልያንና ቀይ ቀበሮን ሳይንሳዊ ስም ሰጥቶ ለዓለም ያሳወቀው ይኸው ሰው ነው። ኢትዮጵያውያን ስሙን የሚያነሡት በሰሜን ተራሮች እንስሳት ምክንያት ቢሆንም፣ የባሕሩ ሥራ ከተራራው ይቀድማል፤ ይህ ጽሑፍ ደጋግሞ የሚያነሣቸው ሁለት ኑዲብራንኮች፣ ባለአራት ቀለሙ ክሮሞዶሪስ ኳድሪኮሎርና ትልቁ ቀይ ሄክሳብራንከስ ሳንጉኒየስ፣ ሁለቱም በሩፔልና በሎይካርት እጅ የተሰየሙ ናቸው። ከእነርሱ በኋላ የምሥራቅ አፍሪካንና የቀይ ባሕርን ኑዲብራንኮች አጥብቆ ያጠናው እንግሊዛዊው ሰር ቻርልስ ኤሊየት ደግሞ በሙያው ዲፕሎማት ሲሆን፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የምሥራቅ አፍሪካ ግዛት ኮሚሽነር ሆኖ ሲያስተዳድር ቆይቷል።

ክሮሞዶሪስ ኳድሪኮሎር ርዝመቱ ከአንድ የሰው ጣት ብዙም የማይበልጥ እንስሳ ነው። ጀርባው ጥቁር ሆኖ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ መስመር ከራሱ እስከ ጅራቱ ይወርድበታል፤ ዙሪያውን ደግሞ እንደ ጥበብ ቀሚስ ጥለት ብርቱካናማ ጠርዝ ይከበዋል። ከፊቱ ሁለት ብርቱካናማ ቀንዶች ቆመዋል። ቀንድ ቢመስሉም ሥራቸው እንደ አፍንጫ ነው፤ ራይኖፎር ይባላሉ፣ ገጻቸው እንደ መጽሐፍ ገጾች በተደራረቡ ስስ እጥፋቶች የተሸፈነ በመሆኑም በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፈውን ሽታ ከሩቅ ይለቅማሉ። ከኋላው በጀርባው ላይ እንደ ጽጌ የፈነዳ የስንጥብ ዘለላ አለ፤ ዓሣ ቢቀርበው ወይም ማዕበል ቢያንገላታው ዘለላውን ወደ ገላው ውስጥ ስቦ ይከታል፣ አደጋው ሲያልፍም መልሶ ያወጣዋል። አፉ በሆዱ በኩል ሲሆን፣ በውስጡ ራዱላ የተባለ፣ በጥቃቅን ጥርሶች የተሞላ እንደ ሞረድ የሚፍቅ ምላስ ይገኛል። ዐይን ቢኖረውም ከቆዳው ሥር የተቀበረች ጥቁር ነጥብ ናት፤ ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት በቀር መልክ አታይም። ይህን ሁሉ ጌጥ የተሸከመው እንስሳ እንግዲህ የራሱንም ሆነ የባልንጀራውን ቀለም አያየውም፤ ቀለሙ የተሠራው ለሌላ ዐይን ነው።

ያ ሌላ ዐይን የዓሣ ዐይን ነው፤ ቀለሙ የሚናገረው ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን እንስሳው የሚበላውን መመልከት ያስፈልጋል። ይህ የኑዲብራንክ ወገን የሚመገበው ሰፍነግን ነው። ሰፍነግ ሆምጣጤ ውስጥ እንደ ተነከረ በወንጌል የተነገረለት፣ ዕቃ የሚመስል፣ በተፈጥሮው ግን ከባሕር ወለል ጋር ተጣብቆ ውሃ እያጣራ የሚኖር እንስሳ ነው። መሸሽ የማይችል እንደመሆኑ ብዙዎቹ ሰፍነጎች በገላቸው ውስጥ ብርቱ መርዝ አላቸው። በቀይ ባሕር የሚገኘው ኔጎምባታ ማግኒፊካ የተባለው ቀይ ሰፍነግ ሲጨመቅ የሚወጣው ፈሳሽ ዓሣን ያባርራል፣ በጠባብ ውሃ ውስጥ የተያዘ ዓሣንም በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ሊቅ ዮኤል ካሽማንና ባልደረቦቹ ይህን መርዝ ለይተው በ1980 ላትሩንኩሊን የሚል ስም አወጡለት፤ በ1983 ደግሞ መርዙ የሚሠራበት መንገድ ታወቀ። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ አክቲን የተባለ ፕሮቲን እንደ ቤት ማገር እየተቀጣጠለ ሕዋሱን ቅርጽና እንቅስቃሴ ይሰጠዋል፤ ላትሩንኩሊን የአክቲንን ቅንጣቶች አንድ በአንድ ስለሚይዛቸው ማገሩ ሊጋጠም አይችልም። በዚህ ጠባዩ የተነሣ ዛሬ ሕዋስ በሚጠናበት ቤተ ሙከራ ሁሉ የታወቀ መሣሪያ ሆኗል።

ክሮሞዶሪስ ኳድሪኮሎር ይህንኑ ሰፍነግ ይበላል። መርዙ አይጎዳውም፤ አካሉ አጣርቶ ወደ ጀርባው ጠርዝ ይልከዋል፣ በዚያም በጥቃቅን እጢዎች ውስጥ ያከማቸዋል፤ ሊነክሰው የሚመጣ ዓሣ በመጀመሪያ የሚቀምሰውም ይህንኑ ጠርዝ ነው። በ2016 በታተመ ጥናት በአውስትራሊያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች አምስት የክሮሞዶሪስ ዘመዶችን መርምረው፣ እንስሳቱ በምግባቸው ከሚያገኟቸው ልዩ ልዩ ውሑዶች መካከል በጠርዛቸው ያስቀመጡት «ላትሩንኩሊን ኤ» ብቻ ሆኖ አግኝተውታል፤ ይኸውም ከቀረበላቸው ሁሉ እጅግ ብርቱውን መርጠው ለጠርዛቸው ያደርጋሉ ማለት ነው። ከዚህ በላይ የሚያስደንቅ ነገር በኮራል ዐለት ላይ ማግኘት ይከብዳል፤ የሌላው ሞት ለዚህ እንስሳ ማዕድም ስንቅም ጋሻም ሆኗልና።

ቀለሙ እንግዲህ ማስጠንቀቂያ ነው። አንድ ጊዜ ነክሶ የተፋ ዓሣ መራራውን ጣዕም ከቀለሙ ጋር አያይዞ ስለሚያስታውስ ሁለተኛ አይሞክረውም፤ የተነከሰውም ኑዲብራንክ ብዙ ጊዜ ቁስሉን ይዞ ይተርፋል። ዓሣው የሚያስታውሰው ግን መልኩን በሙሉ አይደለም። በኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ሙከራ፣ ነጭ ገላ፣ ቀይ ነጠብጣብና ቢጫ ጠርዝ ያለውን ጎኒዮብራንከስ ስፕሌንዲደስ የተባለ ኑዲብራንክ የሚመስል ምስል የቀረበላቸው ዓሦች መራራውን ከጣፋጩ የለዩት በቢጫው ጠርዝ ሲሆን፣ ከቦታ ቦታ የሚለዋወጠውን ቀይ ነጠብጣብ ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ፊሊዲያ የተባሉት ኪንታሮታም ጀርባ ያላቸው ጥቁር፣ ሰማያዊና ቢጫ ኑዲብራንኮች መርዝ ከሁሉ የታወቀ በመሆኑ፣ ማስመሰልን የኑሮ ዘዴ ያደረጉም አሉ፤ አንድ ጠፍጣፋ የባሕር ትል የእነርሱን መልክ እስከ ጉብታው ድረስ ይዞ ይኖራል፣ ፒርሰኖቱሪያ የተባለ የባሕር ኪያርም በጨቅላነቱ እነርሱን መስሎ ቆይቶ ሲያድግ መልኩን ይለውጣል። በሐዋይ የፖል ሾየር የምርምር ቡድን በ1975 የፊሊዲያን መርዝ ለይቶ ሲያወጣ፣ ያው መርዝ እንስሳው ከሚበላው ሰፍነግ ውስጥ ተገኝቷል።

ከሰፍነግ ይልቅ የጄሊፊሽን ዘመዶች የሚመገብ ሌላ ወገን ደግሞ የሚሰርቀው ኬሚካል ሳይሆን የጦር መሣሪያውን ራሱን ነው። ኤዮሊድ የሚባሉት እነዚህ ኑዲብራንኮች ጀርባቸው ሴራታ በተባሉ ጣት መሰል ተንጠልጣዮች የተሸፈነ ሲሆን፣ የሚመገቡአቸው እንስሳት በእያንዳንዱ የመናደፊያ ሕዋስ ውስጥ ሲነኩ እንደ ፍላጻ የሚወረወር መርዘኛ ክር አላቸው። ኤዮሊዱ ሲበላ ብዙዎቹ ፍላጻዎች ይፈነዱና ይባክናሉ፤ ገና ያልበሰሉት ግን በሆዱ ቅርንጫፍ በኩል እስከ ሴራታው ጫፍ ተጉዘው በልዩ ከረጢት ይቀመጣሉ፣ በዚያም በስለው ለአዲሱ ባለቤታቸው ዘብ ይቆማሉ። እንዲህ ያለ ፍላጻ ከሌላ እንስሳ ገላ ወጥቶ፣ በሆድ ውስጥ አልፎ፣ ሳይፈጭና ሳይፈነዳ በአዲስ ጌታ ጀርባ ላይ ማገልገሉን ሳይንስ በየደረጃው ገና እየመረመረው ነው።

ከሚበሉት ብርሃንን የሚወርሱም አሉ። ኮራል በገላው ውስጥ ብርሃን አስተጻምሮ የሚያካሂዱ፣ ማለትም በፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠሩ ረቂቅ ዋቅላሚዎችን ያኖራል፤ ፊሎዴስሚየም የተባለው ኑዲብራንክ ለስላሳውን ኮራል ሲበላ እነዚህን ዋቅላሚዎች ሳይፈጭ በሰፋፊ ሴራታው ውስጥ ያሰፍራቸውና ከሚሠሩት ስኳር ይካፈላል። ኑዲብራንክ ያልሆኑት፣ ግን ዛጎል አልባ የሆኑት ኤሊሲያዎች ደግሞ ከአረንጓዴ ዋቅላሚ ክሎሮፕላስት የተባለውን የሕዋስ ክፍል ብቻ መጠው ስለሚያስቀሩ ገላቸው እንደ ቅጠል ይለመልማል። በ2021 ሁለት ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት ኤሊሲያ ማርጊናታ የተባለው ዝርያ አንገቱን ከቀሪው አካሉ ቆርጦ እንደሚለይ፣ የተለየው ራስ ያለ ልብ እየተንቀሳቀሰና እየበላ ቆይቶ በሦስት ሳምንት ገደማ ከክብደቱ አብዛኛውን የሚይዘውን አካል ከነልቡ መልሶ እንደሚያበቅል አሳይተዋል። ራሱ ያለ ልብና ያለ ሆድ የሚቆየው ከክሎሮፕላስቱ በሚያገኘው ኃይል ሳይሆን እንዳልቀረ አጥኚዎቹ ይገምታሉ።

ሄክሳብራንከስ ሳንጉኒየስ ከእነዚህ ሁሉ በመጠን ይበልጣል፤ እስከ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ከክንድ እምብዛም የማያንስ ርዝመት ይደርሳል። የስሙ የመጀመሪያ ክፍል ስድስት ስንጥብ፣ ሁለተኛው ደግሞ ደም መሳይ ማለት ነው። ቀን በስንጥቅ ውስጥ ተሸሽጎ ይውላል፣ ሌሊት ሰፍነግ ፍለጋ ይወጣል። ሲንፏቀቅ የጀርባውን ጠርዝ ወደ ላይ ጠቅልሎ ስለሚይዘው የሚታየው ደብዛዛ ቀይ ብቻ ነው፤ ሲነካ ግን ጥቅሉን ይፈታና ቀይና ነጩ ሰፊ ቀሚስ በአንድ ጊዜ ይዘረጋል። ከዚያም ከዐለቱ ተላቅቆ ገላውን በማዕበል መልክ እያጠፈና እየዘረጋ በውሃው መካከል ይዋኛል፤ ጠላቂዎች በዚህ ጭፈራው የስፔን ዳንሰኛ ብለው ሰይመውታል። በጀርባው ላይ ብዙ ጊዜ ቀለሙን ከእርሱ ቀለም ጋር ያስተካከለ አንድ ትንሽ ሽሪምፕ አብሮት ይኖራል፤ ቤት የሌለው እንስሳ ለሌላው ቤት ሲሆን ማየት ልብ ይነካል።

ኑዲብራንኮች ሁሉ ፍናፍንት ናቸው፤ እያንዳንዱ የወንድም የሴትም አካል ስላለው ሁለቱ ቀኝ ጎናቸውን አገጣጥመው ሲገናኙ ሁለቱም ይጸንሳሉ። ዕድሜያቸው በአብዛኛው ከጥቂት ወራት እስከ አንድ ዓመት ገደማ በመሆኑና ባልንጀራን በጠረን እየፈለጉ በዝግታ ስለሚሄዱ፣ ሁለት ሲገናኙ ጾታ ማጣራት የሚያስፈልግ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ግንኙነት ከንቱ በቀረ ነበር። የስፔን ዳንሰኛው እንቁላሉን እንደ ጥብጣብ አያይዞ በዐለቱ ላይ በክብ ይተክለዋል፤ ሥራው ሲያልቅ ጽጌረዳ መሳይ ቀይ አበባ ሆኖ በማዕበሉ ይወዛወዛል። እናትም አባትም የሆነው እንስሳ አጠገቡ ቆሞ አይጠብቀውም፤ ካቢራሚድ የተባለ፣ ከሰፍነግ የመጣ መርዝ ለእንቁላሎቹ አውርሷቸው ይሄዳል። ይህም ሆኖ ፋቮሪነስ የተባለ ትንሽ ኑዲብራንክ የሌሎችን እንቁላል እየበላ የሚኖር በመሆኑ በዚያ ጥብጣብ ላይ ተቀምጦ ሲመገብ ይገኛል።

ከእነዚህ እንስሳት የሚገኘው ኬሚካል የመድኃኒት ተመራማሪዎችንም ስቧል። በ1993 ከኤሊሲያ ሩፈሰንስ የተገኘው ካሃላላይድ ኤፍ በካንሰር ሕሙማን ላይ እስከመሞከር ደርሶ ነበር፤ ምንጩ ሲፈለግም እንስሳው ከሚበላው ዋቅላሚ፣ ከዋቅላሚውም አልፎ በ2019 እንደታወቀው በዋቅላሚው ውስጥ ከምትኖር ባክቴሪያ ሆኖ ተገኝቷል።

አንዱ በሌላው ላይ እንዲህ ተደራርቦ በሚኖርበት ስፍራ ከሥሩ አንዱ ሲነቀል የሚከተለውን መገመት አያዳግትም። ብዙው ኑዲብራንክ የሚበላው አንድ ወይም ጥቂት የሰፍነግ፣ የኮራል ወይም የዋቅላሚ ዓይነት ብቻ ነው፤ ለጌጥ ብለው በመስታወት ገንዳ የሚያኖሩአቸው ሰዎች ያን ምግብ ማቅረብ ስለማይችሉ እንስሶቹ በቀለማቸው እንዳማሩ በረኀብ ይሞታሉ፤ ከባሕር ወጥተው መሸጣቸውም ስለዚህ ሊነቀፍ የሚገባው ነው። በባሕሩም ውስጥ ምግባቸው አደጋ ላይ ነው። የውሃው ሙቀት ከልክ ሲያልፍ ኮራል ዋቅላሚዎቹን እየተፋ ይነጣል፣ ሙቀቱ ከቆየም ይሞታል፤ የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ኖአ በሚያዝያ ወር 2024 ዓለም አቀፉ የኮራል መንጣት ለአራተኛ ጊዜ መከሰቱን አስታውቋል። የሰሜን ቀይ ባሕር ኮራሎች ሙቀት በመቋቋም ከብዙዎች የተሻሉ መሆናቸውን ጥናቶች ያሳያሉ፤ ከመቶ በላይ ደሴቶች ያሉበት የኤርትራው ዳህላክ የሚገኝበት ደቡቡ ክፍል ግን ቀድሞውንም እጅግ ሞቃት ውሃ ነው። ኮራሉ ቢሞት ዐለቱ ለጊዜው ይቆማል፣ ሰፍነጉም በላዩ ይሰነብታል፤ ዐለቱ ተፈረካክሶ ሲያልቅ ግን የኳድሪኮሎር ቀይ ሰፍነግ የሚጣበቅበትን ያጣል።

አዲስ ትውልድ የሚሰፍረውም ምግቡን ባገኘበት ብቻ ነው። ከእንቁላል የሚወጣው እጭ ወላጁ የጣለውን ዛጎል ተሸክሞ ይወለዳል፤ ከአሸዋ ቅንጣት ባነሰች ጠምዛዛ ዛጎል ውስጥ ሆኖ በጥቃቅን ጸጉር እየቀዘፈ በባሕሩ ይንሳፈፋል። በሐዋይ ማይክል ሃድፊልድ ለብዙ ዓመታት ያጠናው ፌስቲላ፣ ፖራይትስ የተባለውን ኮራል ብቻ የሚበላና እርሱኑ የሚመስል ቀለመ ደብዛዛ ኑዲብራንክ ነው። እጩ የዚያን ኮራል ሽታ በያዘች ስስ የውሃ ክር ውስጥ ሲያልፍ በቅጽበት መቅዘፉን ትቶ ወደ ታች ይሰጥማል፤ ከክሯ ሲወጣ ሽታውን ያጣና መልሶ ይቀዝፋል፣ እንዲህ እየወጣና እየወረደ ከኮራሉ ላይ ያርፋል። ካረፈ በኋላ መቅዘፊያው ይረግፋል፣ ገላው ቀስ በቀስ ከዛጎሉ አፍ ይወጣል፤ በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ባዶዋ ዛጎል ከጎኑ ስትቀር፣ ራቁቱን የወጣው እንስሳ ወደ መጀመሪያ ማዕዱ መንፏቀቅ ይጀምራል።